ሕዝቅያስ በምን ታመነ? ለመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 18 እና 19 የታሪክ ማብራሪያ

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 18 ቍጥር 5 ስለ ይሁዳ ንጉሥ ስለ ሕዝቅያስ ሲመሰክር፥ በእግዚአብሔር በመታመን ከይሁዳ ነገሥታት የሚመስለው ከእርሱ በፊትም ከእርሱም በኋላ እንዳልነበረ ይናገራል። ከዚህ ምስክር ዘጠኝ ቍጥር ብቻ ዝቅ ብሎ ግን ያው ንጉሥ በለኪሶ ወደ ሰፈረው ወደ አሦር ንጉሥ መልእክተኛ ሰድዶ፥ በደለኛ ነኝና የጣልህብኝን ሁሉ እከፍላለሁ እያለ ሲለምን፥ የቤተ መቅደሱንም ደጆች ወርቅ እየላጠ ሲገብር ይታያል። ብዙ አንባብያን ይህን ቦታ ፈጥነው ያልፉታል፤ ማለፍ ግን አይገባም። እንደዚያ ያለ ምስክር የተሰጠው ሰው እንዴት እንዲህ አደረገ? ይህ የሚገለጠው የዘመኑ ታሪክ ከሥሩ ሲመረመር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ነገሩ የሚዠምረው ከሕዝቅያስ ሳይሆን ከአባቱ ከአካዝ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ734 ዓመት ገደማ የሶርያና የእስራኤል ነገሥታት ተባብረው በኢየሩሳሌም ላይ በተነሡ ጊዜ ንጉሡም ሕዝቡም እጅግ ተሸበሩ። እግዚአብሔርም ነቢዩ ኢሳይያስን ወደ አካዝ ላከው፤ የተገናኙበትም ስፍራ በላይኛው ኵሬ መስኖ አጠገብ፥ ወደ ልብስ አጣቢው እርሻ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ነበረ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ተጽፏል። ንጉሡ ወደዚያ የወጣው፥ ከተማይቱ ብትከበብ ውኃው እንዴት እንደሚጠበቅ ለማየት ሳይሆን አይቀርም። ነቢዩ እንዳይፈራ፥ በእግዚአብሔርም እንዲጸና ነገረው፤ ምልክት እንኳ እንዲለምን ፈቀደለት። አካዝ ግን እግዚአብሔርን አልፈታተንም በሚል የትሕትና ቃል ሸፍኖ እንቢ አለ። ልቡ አስቀድሞ ወደ ሌላ ሄዶ ነበርና። ከመቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ ሰብስቦ ለአሦር ንጉሥ ላከ፤ አገልጋይህ ነኝ፥ መጥተህ አድነኝ ሲል ተማጠነው።

አሦር ተጠርቶ መጣ። ደማስቆ በ732፥ ሰማርያ በ722 ወደቀች፤ አካዝን ያስፈሩት ሁለቱ መንግሥታት ከምድር ጠፉ። ነገር ግን ተኵላ እንዲያባርርለት አንበሳ የጠራ ሰው ተኵላው ከሄደ በኋላ ከማን ጋር እንደሚቀር አላሰበም ነበር። ይሁዳ ከዚያ ቀን ዠምሮ የአሦር ገባር ሆነች፤ ሕዝቅያስም ከአባቱ ከዙፋኑ ጋር ይህን ቀንበር ወረሰ።

በ705 የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በጦር ሜዳ ወደቀ፤ ልጁ ሰናክሬም ነገሠ። የታላቅ ንጉሥ ሞት በየአገሩ ላሉ ገባሮች ተስፋ ይሰጣልና ብዙዎች ሸፈቱ፤ ሕዝቅያስም ግብሩን ከለከለ። ይህን ያደረገው ሳይዘጋጅ አልነበረም። ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ይፈልቅ የነበረውን የግዮንን ምንጭ ጠላት እንዳያገኘው ደፍኖ፥ ውኃውን በዐለት ውስጥ ወደ ከተማይቱ አስገባው። ብዙዎች ሊቃውንት የሕዝቅያስ ነው የሚሉት ዋሻ እስከ ዛሬ አለ፤ ርዝመቱ 533 ሜትር ነው፤ ውኃም ይሄድበታል። በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ የተገኘው የዕብራይስጥ ጽሕፈት ዛሬ በኢስታንቡል ቤተ መዘክር ይገኛል። ጽሕፈቱ የንጉሥ ስም አይጠራም፤ የሠራተኞቹን ነገር ብቻ ይናገራል፤ ይኸውም ሁለት ጭፍራ ቈፋሪዎች ከሁለት ጫፍ ተነሥተው በጨለማ ሲቈፍሩ፥ በመካከላቸው ጥቂት ክንድ ዐለት ሲቀር አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደ ሰማ፥ መቈፈሪያም ከመቈፈሪያ ጋር እንደ ተጋጠመ ነው። ስለ ንጉሥ ክብር ከተቀረጹት ብዙ ድንጋዮች ይልቅ ይህ ልብን ይነካል።

ከዋሻው በቀር ታላቅ ቅጥርም ተሠራ። ከ1969 ዠምሮ በኢየሩሳሌም በተደረገው ቍፋሮ ውፍረቱ 7 ሜትር የሆነ የቅጥር ክፍል ተገኝቷል፤ ከሥሩም የፈረሱ ቤቶች ታይተዋል። ይህን ያየ ሰው ኢሳይያስን በምዕራፍ 22 ሲያነብ ይደነግጣል፤ ነቢዩ በዚያ፥ የኢየሩሳሌምን ቤቶች ቈጥራችሁ ቅጥሩን ለማጽናት አፈረሳችሁ፥ ውኃንም አከማቻችሁ፥ ይህን ሁሉ ወዳሰናዳው አምላክ ግን አልተመለከታችሁም ብሎ ይወቅሳቸዋልና። ወቀሳው ስለ ቍፋሮው አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 20 የውኃው ሥራ ከሕዝቅያስ በጎ ሥራዎች ጋር ተቈጥሯል። ወቀሳው እጅ ሲሠራ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ነው። የዚያን ጊዜ የኢየሩሳሌም መኳንንት ዓይን ወደ ግብፅ ፈረሶች ያይ ነበር፤ ኢሳይያስም በምዕራፍ 30 እና 31 ይህን ተስፋ አጥብቆ ነቀፈው።

በ701 ሰናክሬም መጣ። የባሕሩን ዳር አገሮች አስገብሮ፥ የአስቀሎናን ንጉሥ ከቤተ ሰቡ ጋር ማርኮ፥ የአቃሮንን መኳንንት ገድሎ በእንጨት ሰቅሎ ወደ ይሁዳ ዞረ። በ1830 በነነዌ ፍርስራሽ የተገኘውና ዛሬ በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ያለው ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ጽሕፈት የዚህን ዘመቻ ነገር በራሱ በሰናክሬም አፍ ይተርካል፤ 46 የተመሸጉ የሕዝቅያስን ከተሞች እንደ ያዘ፥ 200,150 ሰዎችም እንዳወጣ ይናገራል። ነገሥታት ስለ ራሳቸው ሲያስጽፉ ቍጥር እንደሚያበዙ የታወቀ ነው፤ የጥፋቱ ታላቅነት ግን ሐሰት አይደለም። የለኪሶ ምስክር አለና።

ለኪሶ ከኢየሩሳሌም በደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበረች፤ በይሁዳ ከኢየሩሳሌም ቀጥላ የምትቈጠር ምሽግ ነች። ሰናክሬም ድሉን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀረጸው፤ ይህም በ1840ዎቹ ተቈፍሮ ወጥቶ ዛሬ በዚያው በሎንዶን ይታያል። አሦራውያን በአፈር ድልድል ላይ የግንብ መደርመሻቸውን ሲገፉ፥ ለኪሳውያን ከላይ ችቦና ድንጋይ ሲወረውሩ፥ ከዚያም ሴቶችና ሕፃናት በበሬ ጋሪ ተጭነው ወደ ምርኮ ሲሄዱ፥ ንጉሡም በዙፋኑ ተቀምጦ ሲመለከት ተቀርጿል። የአፈሩ ድልድል ራሱ በለኪሶ ቍፋሮ ተገኝቷል። በለኪሶ አቅራቢያ ከነበረች መንደር የወጣው ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 1 የዚያን አገር ከተሞች በየስማቸው እየጠራ ያለቀሰው አላንዳች ምክንያት አልነበረም። በእነዚያ ከተሞችም የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ።

የለኪሶ ጪስ በሚታይበት በዚያ ጊዜ ሕዝቅያስ ሰናክሬምን ለመነው። 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጣለበት፤ የሸክላው ጽሕፈትም ወርቁን 30 ሲል ይስማማል፥ ብሩን ግን 800 ያደርሰዋል። ትንቢተ ኢሳይያስ ይህን የመገበሩን ነገር ሳይጽፍ አልፎታል፤ የነገሥት መጽሐፍ ግን የሚያመሰግነውን ንጉሥ ውርደት አልሸሸገም። አካዝ ያደረገውን ልጁም አደረገ፤ ከመቅደሱ ወርቅ ለአሦር ላከ። ልዩነቱ አባት አሦር እንዲመጣለት፥ ልጅ ግን እንዲሄድለት መክፈሉ ነው። ሰናክሬምም ገንዘቡን ተቀብሎ ሳይሄድ ቀረ፤ ከተማይቱንም ጠየቀ።

ራፋስቂስ ከብዙ ጭፍራ ጋር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ራፋስቂስ የሰው ስም ሳይሆን የሹመት ስም ነው፤ የመጠጥ አሳላፊዎች አለቃ ማለት ነው። የቆመበትንም ስፍራ የነገሥት ጸሓፊ ጠንቅቆ ይናገራል፤ በላይኛው ኵሬ መስኖ አጠገብ፥ ወደ ልብስ አጣቢው እርሻ በሚወስደው መንገድ። ይህ አካዝ ከ33 ዓመት ገደማ በፊት ቆሞ መታመንን እንቢ ያለበት ስፍራ ነው። የነቢዩ ድምፅ በተሰማበት ቦታ አሁን የአሦር ድምፅ ተሰማ፤ ጥያቄውም ያው ነበረ፤ ሕዝቅያስ የሚታመነው በምንድር ነው?

የራፋስቂስ ንግግር የሚያስፈራው ውሸት በመሆኑ አይደለም፤ ብዙው እውነት በመሆኑ ነው እንጂ። ግብፅ የሚደገፍባትን ሰው እጅ የምትወጋ የተሰበረች ዘንግ ናት አለ፤ ኢሳይያስም ከዚህ የራቀ አልተናገረም። 2,000 ፈረስ ብሰጣችሁ የሚቀመጥባቸው ሰው የላችሁም ብሎ አፌዘ፤ እውነት ነበረ። ከአሦር እጅ ያመለጠ ሕዝብ የትኛው ነው አለ፤ መልስ አልነበረም። የተሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእስራኤልን አምላክ ከሐማትና ከአርፋድ ጣዖታት ጋር ቈጠረው። በቅጥሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እንዲሰሙ በአይሁድ ቋንቋ ጮኾ ቢናገርም፥ ሕዝቡ እንደ ንጉሡ ትእዛዝ ዝም አሉ። ፈተና እውነትን ከሐሰት ቀላቅሎ ሲመጣ ለመከራከር የሚደክም ሰው ብዙ ነው፤ ኢየሩሳሌም ግን በዚያ ቀን አልተከራከረችም።

ሕዝቅያስ ማቅ ለብሶ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባ፤ ወርቃቸው ወደ ተላጠው ደጆች ማለት ነው። ወደ ኢሳይያስም ላከ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ለጦርነት ወጣ የሚል ወሬ ሰናክሬም ዘንድ ደረሰ። ቲርሐቅ የነገሠው በ690 ነው፤ በ701 ገና የንጉሥ ዘመድና የጦር አለቃ ነበረ፤ መጽሐፍ ግን በኋለኛ ክብሩ ጠራው፤ አፄ ምኒልክ በመቅደላ ታሰሩ እንደሚባለው ያለ አነጋገር ነው። ግዛቱ መናገሻዋ ናፓታ የሆነችው፥ ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር ያለችው ኩሽ ናት፤ ግብፅንም በዚያን ጊዜ የሚገዟት የዚህች አገር ነገሥታት ነበሩ። ኢየሩሳሌም ስትጠብቀው የኖረችው ረዳት በመጨረሻ ተነሣ ማለት ነው። ነገር ግን ወሬው ለሕዝቅያስ ያመጣለት ነገር ቢኖር ከሰናክሬም የተጻፈ ሌላ የዛቻ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ንጉሡ ደብዳቤውን አነበበው፤ ወደ መቅደስም ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። በምዕራፍ 19 የተጻፈው ጸሎቱ አጭር ነው። የአሦር ነገሥታት አሕዛብን በእውነት እንዳጠፉ ይመሰክራል፤ ራፋስቂስ የተናገረውን እውነት አልካደም። አማልክታቸው የእንጨትና የድንጋይ ሥራ ስለ ነበሩ እንደ ጠፉ ይናገራል፤ በራፋስቂስ ነገር ላይ ያለው ስሕተት በዚህ ተገለጠ። ስለ ዋሻው፥ ስለ ቅጥሩ፥ ስለ ቲርሐቅ፥ ስለ ከፈለው ብር አንድ ቃል የለበትም። ስለ በጎ ሥራውም የለበትም፤ በምዕራፍ 20 ታሞ ሲጸልይ ግን በቅን ልብ መሄዱን ያስታውሳል። እዚህ የሚያስታውሰው አልነበረውም። ወርቅ ተከፍሏል፤ ከተሞች ወድቀዋል፤ የቀረው ያ የተዘረጋ ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ የቍጥር 5 ምስክር ስለ ዘመኑ ሁሉ የተነገረ ነው፤ አንድም ስለ ፍጻሜው፥ ማለት ሌላው መደገፊያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለ ደረሰበት ስፍራ የተነገረ ነው። ሁለተኛው ለታሪኩ ይበልጥ የቀረበ ይመስላል። አካዝም ሕዝቅያስም ፈሩ፤ ሁለቱም ወርቅ ላኩ፤ አንዱ ግን ከዚያ በኋላ ወደ መቅደስ ወጣ።

በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ከአሦር ሰፈር 185,000 እንደ መታ መጽሐፍ ይናገራል፤ እንዴት እንደ ሆነ ግን አያብራራም። የግሪኩ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ ከብዙ ዘመን በኋላ በግብፅ የሰማውን ሲጽፍ፥ የሰናክሬም ሠራዊት አይጦች የቀስቱን ጠፍር በሌሊት ቈርጥመውበት እንደ ሸሸ ይተርካል። የሰናክሬም የሸክላ ጽሕፈት በበኩሉ ሕዝቅያስን በወፍ ቤት እንዳለች ወፍ በኢየሩሳሌም ዘጋሁበት ብሎ ይመካል፤ የግብሩንም ዕቃ በዝርዝር ይቈጥራል፤ ከተማይቱን ያዝሁ የሚል ግን የለበትም። ከሸፈቱት ነገሥታት ዋነኛው በዙፋኑ ቀረ። ሰናክሬምም በቤተ መንግሥቱ ለማስቀረጽ የመረጠው ለኪሶን ሆነ። እርሱ ራሱ በ681 በልጆቹ እጅ ተገደለ፤ የባቢሎን ዜና መዋዕልም በልጁ እጅ መገደሉን ይመዘግባል። በብዙ ሊቃውንት አቈጣጠር ሕዝቅያስ ይህን ሳያይ ሞቷል።

ኢየሩሳሌም ዳነች፤ ለኪሶ ግን አልዳነችም። የይሁዳ ቆላ ባድማ ሆነ፤ ሠራዊት የረገጠው እርሻም በዚያ ዓመት አልተዘራም። ኢሳይያስ ለንጉሡ የሰጠው ምልክት ይህን አልዘነጋም። በመዠመሪያው ዓመት ገቦ፥ ይኸውም ካለፈው አዝመራ ረግፎ ሳይዘራ የበቀለውን ትበላላችሁ አለ፤ በሁለተኛውም ዓመት ከዚያው ገቦ የሚበቅለውን። ዘርና አጨዳ የተነገረው ለሦስተኛው ዓመት ነው። የአሦር ሰፈር በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ፤ በይሁዳ ያለው ገበሬ ግን በሬውን ጠምዶ እስኪያርስ ድረስ ሁለት ዓመት በገቦ ኖረ።