ቴኔሲ ዎከር፦ የማሳ መቃኛው ፈረስ

ቴኔሲ ዎከር በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ፣ በቴኔሲ ግዛት መካከለኛ ክፍል፣ የእርሻ ባለቤቶችና አዛዦቻቸው ቀኑን ሙሉ ከኮርቻ ሳይወርዱ ማሳ እንዲቃኙበት የተዳቀለ የፈረስ ዘር ነው። ሙሉ ስሙ ቴኔሲ ዎኪንግ ሆርስ ሲሆን፣ ቀድሞ «የተርን ሮው ፈረስ» ይባልም ነበር። ተርን ሮው ማረሻ የሚጎትቱት በቅሎዎች እንዲዞሩበት በማሳው ጫፍ ሳይዘራ የሚተው መሬት ነው፤ የፈረሰኛውም መንገድ እሱው ነበር።

ጥጥ፣ በቆሎና ትምባሆ በሰፊው በሚዘራበት በዚያ አገር እርሻን በእግር ዞሮ መጨረስ አድካሚ ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት ካለፈ ደግሞ እግረኛ ከፊቱ ካለው ትልም ወዲያ የሚያየው ነገር የለም። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ዓይኑ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ስለሚል፣ ዘሩ ሳይበቅል የቀረበትን ባዶ ቦታ፣ አረም የዋጠውን ጥግ፣ ውሃ የተኛበትን ረባዳ፣ የፈረሰውን አጥርና በዚያ ሾልኮ የገባውን ከብት ሳይቸገር ይለያል። የማያየውም አለ፤ ቅጠል ገልብጦ ተባይ ለመፈለግ መውረድ ግድ ነው። ስለዚህ የተፈለገው ሰብል ሳይረግጥ በትልም መካከል የሚያልፍ፣ ገራምና ጀርባው የማይነቀንቅ ፈረስ ነበር።

የዘሩ መለያ አረማመዱ ነው። ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን እግር ባንድነት ያነሳል፤ አራቱም እግሮች ለቅጽበት መሬት ስለሚለቁ ፈረሰኛው ይፈናጠራል። ይህ ለአንድ ሰዓት ይቻላል፤ ከጧት እስከ ማታ ግን ወገብ ይቆርጣል። ቴኔሲ ዎከር በዚህ ፈንታ «ረኒንግ ዎክ» የሚባል አካሄድ አለው። እግሮቹ እንደ ተራ እርምጃ በየተራ ያርፋሉ፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት 16 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የኋላው ኮቴ የፊተኛው ከተወው ዱካ ከ15 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አልፎ ያርፋል፤ ራሱንም በየርምጃው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። በሰጋር በቅሎ ተቀምጦ የሚያውቅ አንባቢ ምቾቱን አያጣውም።

ዘሩ ከናራጋንሴት ፔሰር፣ ከካናዳ ፔሰር፣ ከሞርጋን፣ ከስታንዳርድብሬድና ከሌሎችም የተቀየጠ ነው። ግንዱ ተብሎ የሚቆጠረው ግን በ1886 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንታኪ የተወለደው አለን የተባለ ጥቁር ድንጉላ ነው። አለን የታሰበው ለጋሪ እሽቅድምድም ነበር። ሶምሶማ መሄድ ሲገባው ባንድ ጎን ያሉትን እግሮች አብሮ እያነሳ ስላስቸገረ ግን አልሆነም። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ አንድ ሰሞንማ በቅሎ በሚያራቡ ሰዎች ዘንድ፣ ባዝራዎቹን ለወንዱ አህያ የሚያዘጋጅ ማነሳሻ ሆኖ ኖረ። በ1903 ጄምስ ብራንትሊ የተባለ የቴኔሲ አርቢ ገዛው፤ ዘሩን ያስፋፋው የአለን ውላጅ፣ ሮን አለን፣ በ1904 ተወለደ። አባትየው በ1910 ሞተ። አርቢዎቹ በ1935 በሉዊስበርግ ከተማ ማኅበር አቋቁመው የዘር መዝገብ ሲከፍቱ፣ ለእሽቅድምድም ያልሆነውን ይህን ድንጉላ በአንደኛ ቁጥር አስፍረውታል።

ስለዚህ ፈረስ ምቾት የሚያወሩ ጽሑፎች ምቾቱ የማን እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይዘላሉ። እስከ 1865 ድረስ በደቡቡ ግዛት በፈረስ የሚቃኘው ሰብሉ ብቻ አልነበረም። በ1841 ታፍኖ ለባርነት የተሸጠው ነፃ ጥቁር አሜሪካዊ ሰሎሞን ኖርዝአፕ በ1853 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በሉዊዚያና የእርሻ አዛዡ ጅራፍ ይዞ በፈረስ ከሚኮተኩቱት ሰዎች ኋላ ይከተል እንደነበር መስክሯል። አረሙን የሚያሳየው የኮርቻ ከፍታ፣ ለማረፍ ቀና ያለውንም ሰው ያሳያል። ባርነት ከቀረ በኋላም ባለመሬቱ በእኩል የሚያርሱለትን ሰዎች ማሳ በፈረስ መዞሩን አልተወም።

ትራክተርና መኪና ሲመጡ ፈረሱ ሥራ ፈታ። በ1939 በሸልቢቪል ከተማ የተጀመረው ዓመታዊ ትርኢት አዲስ ሥራ ሰጠው፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ስትሮሊንግ ጂም ቀድሞ ጋሪና ማረሻ የጎተተ ፈረስ ነበር። ኋላ ግን ተመልካቹም ዳኛውም የፊት እግሩን እጅግ ከፍ አድርጎ የሚወረውረውን ፈረስ ማብለጥ ጀመሩ። ይህን ለማግኘት አንዳንድ አሠልጣኞች ከሰኮናው በላይ ያለውን ቆዳ በሚያቃጥል ዘይትና ኬሚካል ይቀባሉ፤ በላዩም ሰንሰለት ያጠልቃሉ። ፈረሱ መሬት ሲረግጥ ስለሚያመው እግሩን ያስፈነጥራል። «ሶሪንግ» የተባለውን ይህን ጭካኔ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1970 በሕግ ከለከለ፤ ሕጉ በ1976 ተሻሽሎም ድርጊቱ ፈጽሞ አልጠፋም። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው ፈረስ ለተፈጠረበት ሥራ አይውልም፤ እግሩን እስከ ደረቱ እያነሳ የሚወረውር እንስሳ ጥጥ መካከል ቢገባ ከሚቃኘው የሚያጠፋው ይበልጣል።

የዘሩን እውነተኛ አረማመድ ማየት የሚሻ ሰው መድረኩን ትቶ፣ ተራ ብረት ተመትቶለት በገጠር መንገድ የሚሄደውን ይመልከት። ሊገዛ ያሰበም ከሰኮናው በላይ ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ይዳስስ፤ ጠባሳ ካገኘ ወይም ፈረሱ እግሩን ከነጠቀው፣ ይቅርበት።