በገዛ እጅ የአንጎል ጉትጎታ

በገዛ እጅ የአንጎል ጉትጎታ የምንለው፣ አንድ ሰው ሐኪም ሳያዝለትና ማንም ሳይከታተለው፣ ገዝቶ ባመጣው ወይም ራሱ ገጣጥሞ በሠራው መሣሪያ ጭንቅላቱ ላይ ደካማ ኮረንቲ እያሳለፈ የአንጎሉን አሠራር ለመለወጥ የሚያደርገውን ሙከራ ነው። አንዱ ትምህርት እንዲገባው፣ ሌላው በኮምፒውተር ጨዋታ እንዲፈጥን፣ ሌላው ድብርቱ እንዲለቀው ይፈልጋል። መሣሪያው ባትሪ፣ ሁለት ሽቦ፣ በጨው ውኃ የራሰ ሁለት ስፖንጅና ግንባር ላይ የሚያጠብቅ ላስቲክ ነው። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ መኝታ ቤት የገባውም ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «የአንጎል ማነቃቂያ» ማለት ይቀል ነበር። ነገር ግን ማነቃቂያ ለቡናም ለአዳራሽ ንግግርም የምንጠቀምበት፣ መጨረሻው መልካም እንደሚሆን አስቀድሞ የሚመሰክር ቃል ነው። ይህ ኮረንቲ ደግሞ አንዱን ሲያነቃ ሌላውን ሊያደክም ይችላል፤ በብዙዎችም ላይ ምንም ሲያደርግ አይታይም። «ቅስቀሳ» እንዳይባል ቃሉን ምርጫ ወስዶታል። ጉትጎታን የመረጥሁት ለአሠራሩ ስለሚቀርብ ነው። ልጅ አባቱን ጫማ ግዛልኝ እያለ ቢጎተጉተው አባት እሺም እምቢም ማለት ይችላል፤ ጉትጎታው ግን ልቡን ወደ አንዱ ጎን ያዘነብለዋል። በአንጎል ውስጥ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። የተለመደው የኮረንቲ መጠን ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር፣ ጊዜውም 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው። ከዚህም ብዙው በራስ ቆዳ በኩል ካንዱ ስፖንጅ ወደ ሌላው ያልፋል። አጥንቱን ዘልቆ አንጎል የሚደርሰው ጥቂቱ ሲሆን፣ እሱም የነርቭ ሴሉን አስገድዶ መልእክት አያስልከውም፤ መልእክት ለመላክ ያለውን ዝግጁነት ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ኮረንቲው በሶላር መብራት ያወቅነው ዲሲ፣ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው ነው። በሆስፒታል ሕመምተኛው በሰመመን ሳለ በመቶዎች በሚቆጠር ሚሊ አምፔር የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ኤሌክትሪክን ለፈውስ የመፈለጉ ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ሐበሾች በየሁለትና በየሦስት ቀኑ እየቆጠረ የሚመለስን ንዳድ በምታደነዝዝ ዓሣ እንደሚያክሙ ጽፏል። ሕመምተኛው ገበታ ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ዓሣዋ መገጣጠሚያው ላይ ትደረጋለች፤ ብርቱ ሥቃይ መላ አካሉን ይወርረዋል፤ ከዚያ በኋላ ንዳዱ አይመለስም ይላል መጽሐፉ። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረውና ግዕዙን ያጠናከረው ከአማራው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተዋውቀው፣ በ1652 ጎታ በሚባለው የጀርመን ከተማ አብረው ሠርተዋል። ሚካኤል ኒቼ እና ቫልተር ፓውሉስ የዛሬውን ደካማ ኮረንቲ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደገና ለሳይንስ ያስተዋወቁባት ጎቲንገንም ከጎታ ብዙ አትርቅም። ዓሣዋ እስከ 350 ቮልት የምትረጭ የአምባዛ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። በባሮና በኦሞ ትገኛለች፤ በጣና የለችም።

ንዳድን፣ ማለትም ወባን፣ በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሰው በመጽሐፍ አያውቀውም፤ በአካሉ ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሜዳው ላይ ያስተኙት ውኃ ሲሸሽ ወባ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። የወባ ተሕዋስ የሚኖረው በጉበትና በደም ውስጥ ነው፤ ዓሣዋ መገጣጠሚያ ላይ ብትነዝር የምታገኘው ነገር የለም። ታዲያ ንዳዱ ለምን ተወው? ንዳድ ቀን ቆጥሮ ይመጣል፣ ቀን ቆጥሮ ይሄዳል፤ ከብዙ ምልልስ በኋላም ለጊዜው ጋብ የሚልበት ወቅት አለው። ሰው ሥቃዩን ችሎ ዓሣዋን የሚያስይዘው ደግሞ ሕመሙ ጫፍ በደረሰበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመጣው እፎይታ ሁሉ በዓሣዋ ስም ይመዘገባል።

የዛሬ ተመራማሪዎች የማስመሰያ መሣሪያ የሚጠቀሙት፣ እፎይታው ከሕክምናው ይሁን በራሱ የመጣ ለመለየት ነው። ሁሉም ታካሚዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ያስራሉ፤ የከፊሎቹ ግን ጥቂት ካሳከከ በኋላ ኮረንቲው ሳያውቁት ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ድብርት ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ የሁለት ጥናቶች ውጤት ወጣ። በብራዚል 210 ሰዎች በየቤታቸው፣ ያለ ባለሙያ ክትትል ተጠቀሙበት፤ እውነተኛው ከማስመሰያው አልበለጠም። በብሪታንያና በአሜሪካ 174 ሰዎች ለ10 ሳምንት ተጠቀሙበት፤ ተመራማሪዎች በቪዲዮ ይከታተሏቸው ነበር። እዚህ እውነተኛው ኮረንቲ ከደረሳቸው 44.9 በመቶው፣ ማስመሰያውን ካሰሩት 21.8 በመቶው ከድብርቱ ወጡ። የሁለቱ ጥናቶች ልዩነት ከክትትሉ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ኮረንቲ ሳያገኙ ከአምስት አንድ በላይ የሚሆኑት ዳኑ። ከነዚህ አንዱ ብቻውን ቤቱ ሆኖ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው አዳነኝ ብሎ ለጎረቤቱ ይመሰክር ነበር፤ ምስክርነቱም ከልቡ ነው።

ከፈውስ ይልቅ ብልጫን የሚፈልገው ወጣት ጉዳይ ደግሞ በእኛ አገር በጣም የቆየ ነው። በቆሎ ተማሪ ቤት «አእምሮ ይገልጣል» እየተባለ የሚጠጣው አብሾ አለ። ከአስተናግር፣ ዕፀ ፋሪስ ከሚሉት ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። በፎገራም ሆነ በጋይንት አንድ ሰው ትንሽ ጠጥቶ ሲያብድ «አብሾ አለበት» የሚባለው ከዚሁ የመጣ ነው። በተክሉ ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ የሚታወቀው ትውስታን በማጎልበት አይደለም፤ ተመራማሪዎች የመርሳትን ሁኔታ ለማጥናት ሲፈልጉ የጤነኛን ሰው አዲስ ትውስታ ለጊዜው የሚያውኩበት ነው። አብሾ ጠጥቶ ዳዊቱን በቃሉ የዘለቀ ተማሪ ግን ሌሊቱን ሲቀጽል ያደረ፣ በመምህሩ ፊት ሲመልስ የከረመ ተማሪ ነው። ድካሙ ተረስቶ ምስጋናው ለተክሉ ሆነ።

ኮረንቲውም ሲሠራ እንኳ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የታየበት ጥናት አለ። ቴሬሳ ዩኩላኖ እና ሮይ ኮኸን ካዶሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች አዲስ የቁጥር ምልክቶችን ሲማሩ ሁለት የተለያዩ የአንጎል ቦታዎችን ጎተጎቱ። አንደኛው ቦታ ሲጎተጎት ትምህርቱ ፈጠነ፤ የተማሩትን ሳያስቡ እንደ ልማድ የመጠቀም ችሎታ ግን ተዳከመ። ሁለተኛው ቦታ ሲጎተጎት ነገሩ ተገለበጠ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በ1 ሚሊ አምፔር የአንጎልን ዝግጁነት ዝቅ የሚያደርገው የኮረንቲ አቅጣጫ መጠኑ ወደ 2 ሚሊ አምፔር ከፍ ብሎ ለ20 ደቂቃ ሲሰጥ ዝግጁነቱን ከፍ እንዳደረገው አሳየ። ትንሽ ቢጠቅመኝ ብዙ ይበልጥ ይጠቅመኛል ብሎ የሚጨምር ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «አናልስ ኦፍ ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት 39 ተመራማሪዎች የፈረሙበት ግልጽ ደብዳቤ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ኮረንቲው ከስፖንጁ ሥር ብቻ እንደማይቀር፣ ለውጡ ሊቆይ እንደሚችል፣ በየቀኑ ለወራት መጎትጎት ምን እንደሚያስከትል እንዳልተጠና አስጠነቀቁ።

ለእኔ የነገሩ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። እግሩን ራሱ የሚያክም ሰው እግሩ መዳኑን በአእምሮው ይመዝናል። አንጎሉን የሚጎተጉት ሰው ግን መዛኙም ተመዛኙም አንድ ጭንቅላት ነው። ትምህርቱ ቢፈጥንለት ያውቃል፤ ትዕግሥቱ ቢያጥር ወይም ውሳኔው ቢጣደፍ ከእሱ በፊት የምታውቀው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት። የሁለት ዋልታ የስሜት መታወክ ያለበት ሰው በኮረንቲው ሳቢያ ያለ ልክ ወደ መፈንጠዝና እንቅልፍ ማጣት የገባበት አጋጣሚ በሐኪሞች ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ብትጠይቁት እንደ ዛሬ ደኅና ሆኜ አላውቅም ይላችኋል።

በአካል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቆዳ ነው። ስፖንጁ ዳር ዳሩን ሲደርቅ፣ በሰፊው ይገባ የነበረው ኮረንቲ ርጥበት በቀረባት ትንሽ ቦታ ይጨናነቃል። መጀመሪያ ያሳክካል፤ ቆይቶ ቆዳው ሲደነዝዝ ማሳከኩ ይተዋል፤ ሰውየውም ለመድሁት ይላል። ሲፈታው ግንባሩ ላይ ትንሽ ክብ፣ ቡናማ ቁስል ያገኛል። የሆስፒታሉ መሣሪያ የቆዳው ሁኔታ ሲለዋወጥ የኮረንቲውን መጠን ይጠብቃል፤ ልኩ ሲያልፍም ይዘጋል። በቤት የተገጣጠመው ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ ቆዳው ሲርስ ኮረንቲው ይጨምራል፣ ሽቦው ድንገት ሲነቀል ዓይን ውስጥ ብልጭታ ይታያል፣ ጭንቅላትም ይነዝራል። ባትሪ ላለመጨረስ ከግድግዳ ሶኬት ላስሠራው የሚል ካለ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው፤ በግንባሩና በ220 ቮልት መካከል ያለው የቻርጀሩ ጤንነት ብቻ ነው። ለፍትሑ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ግምገማ ከ33,000 በላይ በጥናት የተሰጡ የጉትጎታ ጊዜያትን መርምሮ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት አላገኘም። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ የተሰጡት በተለካ መሣሪያ፣ በተመረጡ ሰዎች ላይ፣ ተመራማሪ እያየ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ራሱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ብረት የገባበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚመልስ የለም።

በባህላዊው ሕክምና ግን ጠባቂ አለ። በጉማራ አጠገብ ወዳለው ወንዛዬ ፍል ውኃ ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው ያስቸገረው ሰው ይወርዳል። ማንም ብቻውን አይመጣም ባልልም፣ ብቻውን አይታጠብም። ውኃው ልብ ቢያደክመው የሚይዘው፣ ቢያዞረው የሚያወጣው ሰው አጠገቡ አለ። ጸበልም አስታማሚ አለው። በአገራችን ሕመም መቼም ቢሆን የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ይህ መሣሪያ የሚያስቀረው አስታማሚውን ነው። የሚታሰረው በር ተዘግቶ፣ ብዙ ጊዜም በኀፍረት ነው። ወደዚህ የሚገባው ሰው ሰነፍ ወይም ቂል እንዳይመስለን። ድብርት ይዞት የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ከቀበሌው ተነሥቶ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መድረስ የሚኖርበት፣ ሲሄድ ቢታይ «አበደ» እንዳይባል የሚሰጋ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ፈተና ፊት የቆመ ልጅ በስልኩ «ማስታወስን ይጨምራል» የሚል ቪዲዮ ቢያይ ልቡ አይፈረድበትም።

ሻጮቹ የሚጠየቁበት ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ የወጣው ፎከስ የተባለ መሣሪያ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች በ249 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለሕክምና አይደለም ስለተባለ የሕክምና መሣሪያ የሚያልፍበትን ምርመራ አላለፈም። ኮረንቲው የሚገባው ግን ያው አንጎል ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ ያለ ሕክምና ዓላማ የሚሸጡትንም የአንጎል መጎትጎቻዎች ከሕክምና መሣሪያ ጋር ደመራቸው፣ በ2022 ደግሞ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ምድብ አስገባቸው። በእኛ አገር የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚመራበትም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። «ለጨዋታ ነው»፣ «ለትምህርት ነው» ተብሎ በሻንጣ የሚገባውንም እንደ ሕክምና መሣሪያ ማየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አዋቂ ሰው በራሱ ጭንቅላት ላይ የሚያደርገውን ለመከልከል መብታችን የቱ ድረስ ነው የሚለው ያከራክራል፤ እንከራከርበት። በልጅ ላይ ግን ለእኔ ክርክር የለውም። የልጅ የራስ ቅል ስስ ነው፤ በኮምፒውተር የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት በእኩል ኮረንቲ በልጅ አንጎል ውስጥ የሚደርሰው ከአዋቂው ይበልጣል፣ አንጎሉም ገና እየተሠራ ነው። አባት ለልጁ ውጤት ሲል ቢያስርለት፣ ልጁ ራሱ የመረጠው ነገር የለም። ቢያቃጥለውም አባቱን ላለማስከፋት ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ይህን ለይተን የምንጠራበት ስም ያስፈልገናል። በገዛ እጅ የሚለው ለዚህ አይሆንም፤ እጁ የሌላ ሰው ነውና። «በልጅ ላይ የሚፈጸም ጉትጎታ» እንበለው፤ ሐኪም ካላዘዘውና ካልተከታተለው በቀር ማንም ሊያደርገው አይገባም።