ኦቲዝምና የትኩረት ማነስ ችግር በአዋቂዎች፦ የራስ ምዘና መጠይቆች ምንነትና አጠቃቀም

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሩብ ዓመት የሥራ ክንውን ሪፖርት እንዲያዘጋጅ ሦስት ሳምንት ይሰጠዋል። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፍላጎትም አለው። ይሁንና ሪፖርቱን የሚጀምረው ሊያስረክብ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ጠረጴዛው ላይ በጅምር የቀሩ ደብዳቤዎች ይከማቻሉ፤ የቀጠሮ ሰዓት ይዘነጋል፤ የካዝናውን ቁልፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። በሌላ ክፍል የምትሠራ ባልደረባው በበኩሏ አዋጅና መመሪያን ከነአንቀጽ ቁጥሩ ታስታውሳለች። ሆኖም ስልክና ጫጫታ በበዛበት የጋራ ቢሮ ግማሽ ቀን ከቆየች በኋላ ጉልበቷ ይሟጠጣል። አለቃዋ «እስቲ እናየዋለን» ሲሏት ጉዳዩ በእርግጥ ይታያል ብላ ትጠብቃለች።

የመጀመሪያው ቸልተኛ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሰው የማትቀርብ ኩሩ ተብለው ለዓመታት ሊታወቁ ይችላሉ። ስለ ኦቲዝምና ስለ ትኩረት ማነስ ችግር መረጃ እየተስፋፋ በመምጣቱ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች «ምናልባት የእኔ ጉዳይ ይህ ይሆን?» ብለው ራሳቸውን መጠየቅ ጀምረዋል። ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት በራስ ምዘና መጠይቆች ነው። ይህ ጽሑፍ መጠይቆቹ ምን እንደሚለኩ፣ ውጤታቸው ምን እንደሚያመለክትና እንደማያመለክት፣ እንዲሁም በአግባቡ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያብራራል።

የሁኔታዎቹ ምንነት

ሁለቱም ሁኔታዎች ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዙና ከልጅነት የሚጀምሩ ናቸው። የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር፣ በአጭር አጠራሩ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.፣ ትኩረትን መምራት አለመቻልን፣ ዕረፍት ማጣትንና ሳያስቡ መፈጸምን ያጠቃልላል። ኦቲዝም በሁለት ዋና ዋና መገለጫዎች ይታወቃል። አንደኛው ከሰዎች ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታይ ልዩነት ነው። ሁለተኛው በተወሰኑ ነገሮች ላይ ማተኮርን፣ የተለመደ አሠራር ሲለወጥ መቸገርን፣ እንዲሁም ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለልብስ ሸካራነት ከተለመደው የተለየ ስሜት ማሳየትን ይይዛል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለበት ለማለት ከዘጠኙ የትኩረት ማነስ ምልክቶች ወይም ከዘጠኙ የመቅበጥበጥና የችኮላ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለስድስት ወራትና ከዚያ በላይ ሊታዩበት ይገባል። ከምልክቶቹ የተወሰኑት ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ የኑሮ ዘርፎች ማለትም በቤት፣ በትምህርት ወይም በሥራ የሚታዩና ኑሮን የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ቀደም ሲል የነበረው መመሪያ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ መመዝገብን አይፈቅድም ነበር። ከ2013 ወዲህ ግን ይህ ክልከላ ተነስቷል። በመሆኑም አንዱን የሚጠረጥር ሰው ሌላውንም ማየቱ ተገቢ ነው።

አዋቂዎች ዘግይተው የሚለዩበት ምክንያት

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943፣ ሐንስ አስፐርገር ደግሞ በ1944 ስለ ኦቲዝም የጻፉት ሕፃናትን በማየት ነበር። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.ም ለረጅም ጊዜ የልጅነት ችግር ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በአገራችንም የኦቲዝም ግንዛቤ ከሕፃናት ጋር ተያይዞ ያደገ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለዚህ ግንዛቤ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከዚህ በተጨማሪ በትምህርት ጎበዝ የሆነ፣ ዝምተኛ የሆነና ማንንም የማያስቸግር ልጅ ትኩረት አይስብም። በተለይ ሴቶች ልጆች የሌሎችን አነጋገርና ሁኔታ አጥንተው በመምሰል ችግራቸውን እንደሚሸፍኑ ጥናቶች ያመለክታሉ። ቤተሰብም ለልጁ «ጭምት»፣ «ዝንጉ»፣ «ቀዥቃዣ» የሚል ስም ሰጥቶ ያልፈዋል። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው የወላጅና የመምህር ድጋፍ ቀርቶ የሥራ፣ የትዳርና የልጆች ኃላፊነት ሲደራረብ ነው።

የኤ.ዲ.ኤች.ዲ. መጠይቅ

በስፋት የሚሠራበት የአዋቂዎች መጠይቅ ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በመተባበር በተመራማሪዎች ቡድን የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቱ የታተመው ነው። ሙሉ መጠይቁ 18 ጥያቄዎች ሲኖሩት የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ለቅድመ ልየታ ያገለግላሉ። መላሹ ያለፉትን ስድስት ወራት መለስ ብሎ በማየት «በፍጹም»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «በጣም ብዙ ጊዜ» በማለት ይመልሳል።

ስድስቱ ጥያቄዎች የሚያተኩሩት የሥራን መጨረሻ ማጠናቀቅ፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማደራጀት፣ ቀጠሮና ግዴታን ማስታወስ፣ ብዙ ማሰብ የሚጠይቅን ሥራ ማዘግየት፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ እጅና እግርን ማንቀሳቀስ፣ እንዲሁም አንዳች ነገር እንደሚገፋው ሰው ያለ ዕረፍት መንቀሳቀስ በሚሉት ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «አንዳንድ ጊዜ» እና ከዚያ በላይ፣ ለቀሪዎቹ ሦስቱ ደግሞ «ብዙ ጊዜ» እና ከዚያ በላይ የሚል መልስ ይቆጠራል። ከስድስቱ አራትና ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

በ2005ቱ ጥናት ስድስቱ ጥያቄዎች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ካለባቸው ሰዎች መካከል የለዩት 69 በመቶ ያህሉን ነው። ይህም ማለት ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ችግሩ እያለበት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። ስለሆነም ዝቅተኛ ነጥብ «ነፃ ነህ» የሚል ማረጋገጫ አይደለም።

የኦቲዝም መጠይቅ

በኦቲዝም ረገድ የሚታወቀው በእንግሊዝ ካምብሪጅ ሳይመን ባረን ኮኸንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጁት ባለ 50 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ በማኅበራዊ ክህሎት፣ ትኩረትን ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር፣ ጥቃቅን ዝርዝሮችን በማስተዋል፣ በመግባባትና በምናብ በአምስት ዘርፍ ተከፍለው ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥያቄ ቀርቧል። በጥናቱ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አማካይ ነጥብ 35.8 ሲሆን ከሌላው ሕዝብ የተወሰዱት አማካይ 16.4 ነበር። 32ና ከዚያ በላይ ያገኙት ኦቲዝም ካለባቸው 80 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 2 በመቶ ነበሩ። በ2012 የተዘጋጀው አጭሩ ቅጂ አሥር ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ማግኘት ለተጨማሪ ምርመራ ምክንያት ይሆናል።

ነጥቡ የሚናገረውና የማይናገረው

እነዚህ አኃዞች በትክክል ካልተነበቡ ወደ ስህተት ይመራሉ። ለአብነት ያህል 1 ሺህ ሠራተኞች ባሉበት ተቋም ሁሉም ባለ 50 ጥያቄውን መጠይቅ ሞሉ እንበል። ለስሌቱ እንዲመች ከመካከላቸው አሥሩ ኦቲዝም አለባቸው ብለን እናስብ። ከአሥሩ 80 በመቶ ማለትም ስምንቱ 32ና ከዚያ በላይ ያገኛሉ፤ ሁለቱ ግን ያልፋሉ። ኦቲዝም ከሌለባቸው 990 ሠራተኞች ደግሞ 2 በመቶ ማለትም 20 ያህሉ ይህንኑ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛሉ። እንግዲህ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት 28 ሰዎች ኦቲዝም ያለባቸው ስምንቱ ብቻ ናቸው።

መጠይቁን በራሱ ፈቃድ የሚሞላ ሰው አስቀድሞ ጥርጣሬ ያደረበት በመሆኑ ለእርሱ ስሌቱ በመጠኑ ሊለይ ይችላል። በሌላ በኩል ጭንቀትና ድብርት ያለባቸው ሰዎችም በዚህ መጠይቅ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛሉ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መጠይቅ ወደ ሐኪም የሚያደርስ በር እንጂ የሐኪም ውሳኔ አለመሆኑን ነው።

ባህልና ቋንቋ

መጠይቆቹ የተዘጋጁት በእንግሊዝኛና በሌላ ኅብረተሰብ ልማድ ላይ ተመሥርተው ነው። በእኛ ዘንድ በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን መስበር የአክብሮት ምልክት እንጂ የመግባባት ችግር አይደለም። ቁጥብነትም የጨዋነት መለኪያ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው ራሱን ማነጻጸር የሚገባው በዕድሜ፣ በአስተዳደግና በሥራ ከሚመሳሰሉት ጋር ነው። «ዓይን አያለሁ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «እኩዮቼ ያለ ችግር የሚያደርጉትን እኔ በምን ያህል ድካም አደርገዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

የአማርኛ አነጋገር ሰምና ወርቅ የበዛበት መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። «ነገ ብቅ በል» የሚለው ንግግር ቀጠሮ ይሁን ማሰናበቻ ለብዙ ሰው ከድምፁ ቃና ይገባዋል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ በልምድ ሳይሆን እንደ ትምህርት አጥንቶ የተረዳ፣ አሁንም ደጋግሞ የሚሳሳት ሰው ጉዳዩን ማስታወሻው ላይ ማስፈር ይገባዋል።

ራስን የመመዘን ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ደረጃ ለሁለት ሳምንታት ያህል ችግር የገጠመበትን ሁኔታ ከነቀኑ፣ ከነቦታውና ካስከተለው ጉዳት ጋር በማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል። «እረሳለሁ» ከሚለው ይልቅ «በዚህ ሳምንት ሁለት ስብሰባ አመለጠኝ» የሚለው ለሐኪሙ የጎላ ትርጉም አለው።

በሁለተኛ ደረጃ የልጅነት ማስረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ካርድ በቤት ውስጥ ከተገኘ የጠባይ ውጤቱና የክፍል ኃላፊው አስተያየት ብዙ ይናገራሉ። እናትን፣ አባትን ወይም ታላቅ እህትና ወንድምን «በልጅነቴ ምን ዓይነት ነበርኩ?» ብሎ መጠየቅም ይረዳል። ችግሩ የጀመረው በ30 ወይም በ40 ዓመት ዕድሜ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ መጠይቁን በአንድ መቀመጫ፣ በረጋ መንፈስ፣ እንደሚፈለገው ሳይሆን እንደሆነው መሙላት ይገባል። ከተቻለ የቅርብ ሰው ያንኑ መጠይቅ ስለ መላሹ ለብቻው እንዲሞላ አድርጎ ሁለቱን ማስተያየት ይጠቅማል።

በአራተኛ ደረጃ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ምክንያቶችን መመርመር አስፈላጊ ነው። የእንቅልፍ እጦት፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ችግር፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ በጦርነት ወይም በአደጋ የደረሰ የመንፈስ ስብራት፣ አልኮልና ጫት ሁሉም ትኩረትን ያናጋሉ። በተለይ ጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለው በመሆኑ ቃሚው በሚቅምበት ሰዓትና ውጤቱ በሚያልፍበት ሰዓት የሚሰማው ስሜት ከኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ምልክት ጋር ሊምታታ ይችላል። የሚቅም ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር ይኖርበታል።

ወደ ህክምና ተቋም መሄድ

በቂ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ማስታወሻውንና የሞላውን መጠይቅ ይዞ በአዲስ አበባ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ህክምና ወደሚሰጥ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ሐኪሙ የልጅነት ታሪክን፣ አሁን ያለውን የኑሮ ሁኔታና ሌሎች ሕመሞችን አገናዝቦ ይወስናል። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በመድኃኒትና በሥነ ልቦና ህክምና የሚታገዝ ሁኔታ ነው። መድኃኒቶቹ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊጨምሩ ስለሚችሉ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው። የሌላን ሰው መድኃኒት ወስዶ «ከሠራልኝ ችግሩ አለብኝ ማለት ነው» ማለት አደገኛ ከመሆኑም በላይ ምንም አያረጋግጥም። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ነገር ግን አብረው የሚከሰቱ ጭንቀትና ድብርት ይታከማሉ።

ሳይታወቁ የኖሩ ሰዎች ዓመታት የቆየ ተስፋ መቁረጥ ሊኖርባቸው እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም። በሕይወት መኖርን የመጥላት ሐሳብ የመጣበት ሰው መጠይቅ መሙላቱን ትቶ ለቅርብ ሰው በመንገር በዚያው ዕለት ወደ ህክምና ተቋም መሄድ አለበት።

በመሥሪያ ቤቶች ሊታወቅ የሚገባው

መጠይቁ የግለሰቡ የግል ጉዳይ ነው። ኃላፊዎች ሠራተኛን መጠይቅ ማስሞላትም ሆነ በነጥቡ ላይ ተመሥርተው ስለ ቅጥር፣ ዕድገት ወይም ቅጣት መወሰን የለባቸውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አእምሯዊ ጉዳትንም ያካትታል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪዎች የሥራ ሁኔታን ለሠራተኛው አመቺ እንዲያደርጉ ደንግጓል።

አመቺ ማድረግ ብዙ ጊዜ በጀት አይጠይቅም። ትእዛዝን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መስጠት፣ ረጅም ሥራን በየሳምንቱ በሚረከብ ክፍል መከፋፈል፣ የስብሰባ አጀንዳን ከአንድ ቀን በፊት ማሳወቅ፣ ከበርና ከስልክ ራቅ ያለ መቀመጫ መስጠት፣ «እናየዋለን» ከማለት ይልቅ «ይፈቀዳል» ወይም «አይፈቀድም» ማለት በቂ ሊሆን ይችላል። እነዚህ እርምጃዎች የምርመራ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ሠራተኛ ይጠቅማሉ።

በአጠቃላይ የራስ ምዘና መጠይቅ አንድ ሰው ለዓመታት ስንፍና ወይም ኩራት ሲባል የኖረውን ባሕርይ በሌላ ዓይን እንዲያየው ዕድል ይሰጣል። ዋጋው የሚታወቀው ግን በተገኘው ነጥብ ሳይሆን ነጥቡን ይዞ በሚወሰደው ቀጣይ እርምጃ ነው።