ጫሞ፦ ከአዞና ከጉማሬ ጋር ሐይቅ የሚጋሩት ዓሣ አጥማጆች

አርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ጫሞ ሐይቅ በቱሪስቶች ዘንድ የሚታወቀው «አዞ ገበያ» በሚባለው ቦታ ነው። ገበያ ይባል እንጂ የሚሸጥ ነገር የለም፤ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ ነው። እዚህ የሚኖረው የናይል አዞ እስከ 5 ሜትር ይረዝማል።

ጎብኚው በሞተር ጀልባ ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ብዙው ዓሣ አጥማጅ ግን ቀላል እንጨት አስሮ በሠራት ታንኳ ነው የሚቀዝፈው። ከውኃው በላይ ያለችው ከፍታ ስንዝር ብትሆን ነው።

ክፉው ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው። መረብ ማታ ተጥሎ ሲነጋ ይሰበሰባል። ጉማሬም ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃ የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው። (ሁሉም አዞን ይፈራል፤ ታንኳ የሚገለብጠው ጉማሬ ግን ይረሳል።) አዞ በበኩሉ መረብ የያዘውን ዓሣ ፈልጎ ይመጣል፣ መረቡንም ይቀዳል።

ዳር መቆምም ዋስትና አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ጎረቤት በሆነው አባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተገድለዋል።

ታዲያ ለምን ይገባሉ? ነጭ ዓሣውና ቆሮሶው ያለው እዚያው ውስጥ ነዋ! አርባ ምንጭ ሄደን የምንበላው ዓሣ የሚመጣው ከእነዚህ ታንኳዎች ጭምር ነው።