ሁለተኛ ዕድል ለማን፣ መቼ?

«ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ይማር!» ስንል የምናስበው ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ ዋንጫው? የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1996 ሁለት የኮሌጅ ኮከቦች ወደ ትልልቆቹ ሊጎች ተመለመሉ፤ አለን አይቨርሰን በኤንቢኤ 1ኛ፣ ላውረንስ ፊሊፕስ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ 6ኛ ሆነው። ሁለቱም ከሜዳ ውጪ ተከሰው፣ ሁለቱም ሁለተኛ ዕድል አግኝተው ነበር።

አይቨርሰን በ1993 ሃምፕተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት በጥቁሮችና በነጮች መካከል ጠብ ሲነሳ የ17 ዓመት ተማሪ ነበር። የታሰሩት ግን አራት ጥቁሮች ብቻ ናቸው። የተጠቀሰባቸው ሕግ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ መንጋ ሰው እንዳይሰቅል የወጣ ሕግ ነበር! 15 ዓመት ተፈረደበት፣ 10ሩ በገደብ። አራት ወር ከታሰረ በኋላ አገረ ገዢው ዳግላስ ዋይልደር ትምህርቱን ሳይጨርስ ውድድር እንዳይጫወት አዘው ለቀቁት። እናቱ የጆርጅታውኑን አሠልጣኝ ጆን ቶምሰንን ለምነው ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1995 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ብሎ ፍርዱን ሻረው።

የፊሊፕስ ነገር ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 1995 የቀድሞ ፍቅረኛውን ደበደበ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ክሱን አልተከራከረም። የኔብራስካው አሠልጣኝ ቶም ኦስቦርን አገዱት፤ ከስድስት ጨዋታ በኋላ ግን መለሱት። ቡድኑ ፍሎሪዳን 62 ለ 24 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ኦስቦርንን በጭፍን አንኮንናቸውም። ልጁ ያደገው በወላጅ አልባና ችግረኛ ልጆች ማሳደጊያ ነው፤ እሳቸውም ከኳሱ ከተለየ ይጠፋል ብለው እንደሚያምኑ ተናግረዋል። ግን ኳሱ አላዳነውም። በሌሎች ጥቃቶች ከ30 ዓመት በላይ ተፈርዶበት፣ በጃንዋሪ 2016 በ40 ዓመቱ ካሊፎርኒያ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት አይቨርሰን የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

«አንዱ ጥፋቱ አልተረጋገጠም፣ ሌላው ግን ደብድቧል፤ እንዴት ታወዳድራላችሁ?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። የምናወዳድረው ጥፋቱን ሳይሆን የዕድሉን ቅደም ተከተል ነው። ለአይቨርሰን መጀመሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ኳስ ተባለ። ፊሊፕስን ግን ወደ ሜዳ የመለሰው ውድድሩ ገና ሳያልቅ ነው፤ የተደበደበችው ልጅም እዚያው ግቢ ተማሪ ነበረች። እሷ ያለ ፍርሃት ክፍል ገብታ እንድትማር ዕድል የሰጣት ማን ነው?

በ2017 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የጾታና የቤት ውስጥ ጥቃት ታሪክ ያለባቸውን ስፖርተኞች ላለመቀበል ወሰነ። እኛ በሩ ለዘላለም ይዘጋ አንልም። የ20 ዓመት ልጅ ሊለወጥ ይችላል። ነገር ግን ምህረት በጨዋታ ፕሮግራም ከተቆረጠ፣ የተማረው ዋንጫው እንጂ ልጁ አይደለም።