ጉድጓዱን ጉብታ ያስመሰለው መስተዋት

ከ1851 ዓ.ም. በፊት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሐኪም የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ ምን እንደሚመስል መርምሮ ለማየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም። በብሌን በኩል የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ፥ ለማየት የሚጠጋው ሰው ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ብሌንም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በኬኒግስበርግ ያስተምር የነበረው ኸርማን ሄልምሆልትዝ ግን መብራቱን በጎን አኑሮ፥ ስስ ብርጭቆዎችን አጋድሞ በመደርደር ብርሃኑ ወደ ታማሚው ዓይን እንዲገባ፥ የሐኪሙም ዓይን በብርጭቆው ውስጥ አልፎ እንዲያይ አደረገ። ኦፍታልሞስኮፕ የተባለው መሣሪያ ይህ ነው።

በዚህ መሣሪያ ሲታይ የዓይን ወለል ቀይ ነው፤ በቀዩም ላይ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሆነ ፈዘዝ ያለ ክብ ነገር ይታያል። ይኸውም የማየት ነርቭ ራስ ነው። ከሬቲና የሚነሡ ከአንድ ሚሊዮን የማያንሱ ቀጫጭን ክሮች እዚያ ተሰብስበው፥ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ሥጋ ውስጥ አልፈው ወደ አንጎል ይሄዳሉ። የሚያስገርመው፥ የሚታየው ሁሉ የሚያልፍበት ይህ በር ራሱ ዕውር መሆኑ ነው፤ ፈረንሳዊው ማርዮት በ1660ዎቹ ይህን ደርሶበት ነበር።

በበርሊን የነበረው ወጣት ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፈ በግላኮማ የታመሙትን ሰዎች በአዲሱ መሣሪያ በመረመረ ጊዜ የነርቩ ራስ አብጦ አየሁ ብሎ በ1854 ጻፈ። በቪየና የነበረው ኤድዋርድ የገርም እንደዚሁ እብጠት መሰለው። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። በአንድ ዓይን ብቻ ሲያዩ ጥልቀትን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በሰም ላይ የታተመ ማኅተም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየ ሰው ጽሕፈቱ የጐደጐደ ይሁን ወይም የጐበጠ ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል። የደም ሥሮቹ ከክቡ ጠርዝ ላይ ድንገት ታጥፈው ወደ ታች መውረዳቸውን ልብ ብሎ ያየ ግን ነገሩ ጉድጓድ መሆኑን ይረዳል። ግሬፈም ብዙ ሳይቈይ የጻፈውን አረመ። ኋላም ሄይንሪኽ ሙለር የሞቱ ሰዎችን ዓይን ቈርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ወንፊቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘው።

እርማቱ የቃል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ያበጠ ነርቭ የራሱ በሽታ አለበት ይባላል፤ የጐደጐደ ነርቭ ግን የሚጫነው ነገር አለ። ድንገት በሚነሣው ግላኮማ ዓይኑ በጣት ሲነካ እንደ ድንጋይ ይጠጥራልና፥ ግሬፈ ግፊቱን የሚያቃልል ነገር ፈለገ። በብሌን ዙሪያ ካለው ባለቀለም ሥጋ ትንሽ ቈርጦ ማውጣት ዓይንን እንደሚያለሰልስ በሌሎች ታማሚዎች ላይ አይቶ ስለ ነበር፥ ይህንኑ በግላኮማ ሞክሮ ውጤቱን በ1857 አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ በዚህ በሽታ የሚታወር ሰው ፈውስ አልነበረውም። ቈረጣው ለምን እንደሚረዳ ግን ግሬፈ ራሱ አላወቀም፤ በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ውኃ ከብሌኑ ኋላ ታግዶ እንደ ነበርና በአዲሱ ቀዳዳ እንዳለፈ የተገለጸው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው። እርሱ በ1870 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር።

ሕመም ሳያሰማ ቀስ በቀስ የሚያጠፋውን ሌላውን ዓይነት ግን ይህ ቀዶ ጥገና አላቆመውም። ለእርሱ የዓይኑን ነጭ ክፍል ሸንቁሮ ውኃውን ወደ ውጭ ማስረግ አስፈለገ፤ ኤልየት በማድራስ በ1909፥ ኬርንስም በእንግሊዝ አገር በ1968 ያስታወቋቸው ዘዴዎች ይህን ያደርጋሉ። ዓይናቸው ሳይጠጥር ነርቫቸው የሚጐደጕድ ሰዎችም አሉ፤ ግሬፈ እነዚህን ለይቶ የሌላ በሽታ ወገን አድርጓቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ከግላኮማ ይቈጠራሉ።

ግፊቱ በቀዶ ጥገና ሲወርድ፥ ሥጋው ገና ለጋ በሆነ ሕፃን ዓይን ጉድጓዱ ሲጠብ ይታያል፤ በትልልቅ ሰዎችም አንዳንዴ ጥቂት ይመለሳል። የተመለሰው ግን ወደ ኋላ የተለጠጠው ወንፊት ነው። የሞቱት ክሮች አይበቅሉም፤ ሐኪሙም የሚጠብቀው የቀሩትን ነው።