የአንዲት አረንጓዴ መኪና የሽያጭ ታሪክ

በ1974 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ መኪና በሚጽፍ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ ወጣ። ለሽያጭ የቀረበችው በ1968 የተሠራች ጥቁር አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ ነበረች፤ አንድ የኒው ጀርዚ ነዋሪም በ6,000 ዶላር ገዛት። ስድስት ዓመት ላገለገለች መኪና ይህ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ዳሩ ግን ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው ፊልም ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቍልቍለት ላይ ወንጀለኞችን ሲያሳድድ የነዳት እርስዋ ነበረች።

አሜሪካውያን «ጡንቸኛ» የሚሏቸው መኪናዎች ትውልድ፥ ብዙዎች እንደሚስማሙበት፥ የሚጀምረው ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው። የጀነራል ሞተርስ ኩባንያ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ሰዎች ግን 6.4 ሊትሩን ሞተር «ደንበኛው ከወደደ የሚጨመር» ብለው መዘገቡትና ደንቡን ሳይጥሱ አለፉት። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ይህን ብልሃት ሳያውቀው አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ስለ ተሸጠ አለቆቹ ዝም አሉ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ጥንቁቆች ሙስታንግን ከዚህ ወገን ለይተው ያነሰ አካል ካላቸው መኪናዎች ጋር ይመድቧታል፤ ሆኖም 325 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ለተሸከመችው ለዚህችኛይቱ ክርክሩ ብዙ ዋጋ ያለው አይመስለኝም።

ዘመኑ አጭር ነበር። የ1970ው የአየር ንጽሕና ሕግ፥ የኢንሹራንስ ክፍያ መወደድ፥ በመጨረሻም በ1973 የዐረብ አገሮች የጣሉት የነዳጅ እገዳ አበቃው። ስለዚህ ያ ማስታወቂያ የወጣው ሕዝቡ ቤንዚን አብዝታ የምትጠጣ መኪናን በክፉ ዐይን ማየት በጀመረበት ጊዜ ነው።

የገዥው ባለቤት መምህርት ነበሩና ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱባት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ ደብዳቤ ጽፎ፥ ዋጋው ካልበዛ መኪናይቱን እንዲሸጡለት ለመነ፤ አልሸጡለትም። በ1980 ፍሪሲዮንዋ ተበላሸና ቆመች፤ ተዋናዩም በዚያው ዓመት ሞተ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ምስጢሩን ጠብቆ ከሰው ዐይን ሰወራት። በጥር 2018 በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ ስትገለጥ ቀለምዋ ደብዝዞ፥ ካሜራ የታሰረባቸውም ብረቶች ከሥርዋ ሳይነሡ ነበር። ባለቤቶቹ እንደ አዲስ አላሳመሯትም፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ጥገና የበለጠ ሥራ ነው፤ የታጠበ ብራና እንደማይነበብ ሁሉ፥ ጠባሳዋ ቢጠፋ ኖሮ ከብዙዎቹ አረንጓዴ ሙስታንጎች የሚለያት ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር።

በጥር 10 ቀን 2020 በፍሎሪዳ፥ በኪሲሚ ከተማ፥ ዝቅተኛ ዋጋ ሳይወሰንባት ለሐራጅ ቀረበች። ጨረታው በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ቆመ፤ የሐራጁ ድርጅት ክፍያ ሲጨመር 3.74 ሚሊዮን ሆነ። የገዥው ስም በዕለቱ አልተገለጸም።